ለኔትወርክ ስዊች የተገዛ ባለ 1000 ቪኤ ዩፒኤስ፦ ከደብረ ብርሃን የተጻፈ ግምገማ

በደብረ ብርሃን ከተማ የሚገኝ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘውን ባለ 24 ፖርት የኔትወርክ ስዊቹን ከመብራት መቆራረጥ ለመጠበቅ ሲል ባለ 1000 ቪኤ (ቮልት አምፒር) ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ በባትሪው የሚተካ መሣሪያ፣ ገዝቶ ነበር፤ የተከልሁትም እኔ ነኝ። ዕቃውን ከክረምቱ ነጎድጓድ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ውርጭ ድረስ ሥራው ላይ ስለተከታተልሁት፣ ተመሳሳይ ግዢ ለሚያስቡ ቢሮዎች ያየሁትን ላካፍል ወደድሁ። የምርቱን ስም አልጠቅስም፤ ይኸው ሳጥን ከነባትሪውና ከነጩኸቱ፣ ፊቱ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ ብቻ እየተቀያየረ በተለያየ ስም ስለሚሸጥ፣ ለገዢው የሚበጀው ዓይነቱን ማወቅ ነው። ዓይነቱ ላይን ኢንተራክቲቭ የሚባለው (መብራት ሳለ የመስመሩን ቮልት እያስተካከለ የሚያሳልፍ፣ ሲጠፋ ወደ ባትሪ የሚዞር) ሲሆን፣ 1000 ቪኤ ተብሎ የሚሸጠው በትክክል የሚሸከመው 600 ዋት ነው፤ ውስጡም እያንዳንዳቸው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት የሆኑ ሁለት የሊድ አሲድ ባትሪዎች አሉት።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ይህ ዕቃ ስዊቹ እንዳይጠፋ በማድረግ ረገድ የተከፈለበትን ያህል ይሠራል፤ ቢሮው ግማሽ ቀን ያለ መብራት እንዲሠራ ለማድረግ ግን አልተፈጠረም። ሻጮች እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይተው አይናገሩም፤ ብዙው ቅሬታም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

በሰሜን ሸዋ ዞን ከተሞች በገባሁባቸው አብዛኞቹ ቢሮዎች አንድ የሚያስገርም ነገር አያለሁ። በየጠረጴዛው ሥር ለየኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ተቀምጦለታል፤ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ የሚያገናኘው ስዊች ግን ጥግ ላይ በተንጠለጠለችው ካቢኔት ውስጥ በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ላይ ተሰክቷል። መብራት ሲጠፋ ስክሪኑ ሁሉ እንደበራ ይቆያል፣ ሰርቨሩም አልጠፋም፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ ግን የደንበኛውን ሒሳብ መክፈት አትችልም፤ በመካከል ያለው መንገድ ተዘግቷልና። መብራቱ ለሁለት ሰከንድ ብቻ ድርግም ብሎ ቢመለስ እንኳ ችግሩ በሁለት ሰከንድ አያበቃም፤ ማኔጅድ የሚባለው፣ በራሱ ሶፍትዌር የሚስተካከል ዓይነት ስዊች እንደ አዲስ ተነሥቶ ፖርቶቹን እስኪከፍት ድረስ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ከእሱ ኃይል የሚያገኙት ካሜራዎችና የዋይፋይ አክሰስ ፖይንቶች ደግሞ መነሣት የሚጀምሩት እሱ ከተነሣ በኋላ ነው። ከገጠር መጥቶ መስኮቱ ፊት የተሰለፈ አባል «ሲስተም የለም» ተብሎ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ክፍተት ነው።

ይህን ክፍተት በመድፈን በኩል ዩፒኤሱ እንከን አልተገኘበትም። የዚህ ዓይነት ዕቃዎች ከመስመር ወደ ባትሪ ለመዞር አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሚሊ ሰከንድ ያልበለጠ ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ የስዊቹ የውስጥ ፓወር ሰፕላይም በካፓሲተሮቹ ባጠራቀመው ኃይል ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያለ ግብዓት መቆየት ይችላል፣ ሙሉ ጭነት ካልተጫነበት ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ የዩፒኤሱ ሪሌ ቀጭ ሲል ይሰማል እንጂ በስዊቹ ፊት ላይ ያሉት አረንጓዴ መብራቶች ብልጭታቸውን አያቋርጡም። በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ሞገድ ጥርት ያለ ሳይን ዌቭ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ያለው ነው፤ ይህ ለሞተርና ለአሮጌ ትራንስፎርመር ባይስማማም የስዊች ፓወር ሰፕላይ ግን የሚገባለትን ሁሉ መጀመሪያ ወደ ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ስለሚለውጠው አላስቸገረም። የቮልቴጅ ማስተካከያውም እንዲሁ ደኅና ነው። ሰፈሩ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሚያበዛበት ሰዓት 220 መሆን የሚገባው ቮልት ሲያሽቆለቁል፣ ዩፒኤሱ ባትሪውን ሳይነካ ከፍ አድርጎ ያሳልፈዋል፤ በዚህም ምክንያት ለብቻው ስታቢላይዘር መግዛት አላስፈለገም።

አገናኘሁት ሲባል ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም የዩፒኤሱን ጀርባ አዙሮ ማየት ያስፈልጋል። እዚያ ያሉት አራት መሰኪያዎች የግድግዳ ሶኬት አይደሉም፤ በኮምፒውተር ጀርባ ላይ የምናውቀው ባለ ሦስት ቀዳዳ ዓይነት ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ በባትሪ የተደገፉ ሲሆኑ፣ በነጭ መስመር ተከልሎ ለብቻው የተቀመጠው አራተኛው ከድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪ ብቻ የሚከላከል ነው፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ጽሑፉ ከጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ በጥቁር ተቀርጾ ስለሚወጣ በባትሪ መብራት ካልታየ አይነበብም፣ ይህንንም እንደ ጉድለት እመዘግበዋለሁ። ስዊቹን ለማገናኘት የሚያስፈልገው ገመድ፣ ድሮ ከኮምፒውተር ወደ ሞኒተር ይሄድ የነበረው በአንድ ጫፉ ወንድ በሌላው ሴት የሆነው ዓይነት ነው፤ ከዩፒኤሱ ጋር በካርቶኑ ውስጥ አንድ ብቻ መጥቷል። የቀሩትን፣ ማለትም የሮውተሩንና የፋይበር መቀበያውን አዳፕተሮች ለመሰካት፣ በአንድ ጫፉ እንዲህ ያለ ወንድ ያለው አጭር ዲቫይደር ተጠቅመናል። ተራ ዲቫይደር ስፒናውን ቆርጦ በሽቦ መቀጠል በየቦታው የሚታይ ልማድ ነው፤ የግራውንዱን ሽቦ በዚያው አስቀርተው ለሚሄዱ ግን የዩፒኤሱ የመብረቅ መከላከያ ትርፍ ጌጥ ይሆንባቸዋል፤ ትርፍ ቮልቴጁ የሚሸሸው በአብዛኛው በዚያ ሽቦ ነውና። በአሮጌ ቤቶች ደግሞ ሶኬቱ ራሱ ግራውንድ ስለማይኖረው ይህን ከዩፒኤሱ በፊት ማሠራት ይገባል። ሌዘር ፕሪንተር በባትሪ በኩል አይሰካም፤ ማሞቂያው በተነሣ ቁጥር ዩፒኤሱን ከአቅሙ በላይ ይጎትተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ስንት ጊዜ ይቆያል? ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 1000 ቪኤ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይደለም። ቪኤና ዋት የእንስራው አፍ ናቸው፣ በአንድ ጊዜ ስንት እንደሚቀዳ ይናገራሉ፤ ስንት እንደሚይዝ የሚናገረው ሆዱ፣ ማለትም የባትሪው አምፒር ሰዓት ነው። ሁለት ባትሪ፣ በ12 ቮልት፣ በ7 አምፒር ሰዓት ሲባዛ 168 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ቁጥር ግን የወረቀት ነው፤ አምራቾች የሊድ አሲድ ባትሪን አቅም የሚለኩት በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲራገፍ ስለሆነ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ በፍጥነት ሲቀዳ የሚሰጠው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ የባትሪውን ዲሲ ወደ 220 ቮልት የሚለውጠው ኢንቨርተርም የራሱን ድርሻ ይበላል። በተግባር ከ80 እስከ 95 ዋት ሰዓት ካገኙ ይበቃል ብለው ያስቡ።

ስዊቹ ብቻውን 35 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ሮውተሩና የፋይበር መቀበያው ሲጨመሩ 55 ይደርሳል። በዚህ ጭነት ዩፒኤሱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቆይቷል፣ ሒሳቡም የሚለው ይኸንኑ ነው። ነገር ግን ይህ ስዊች ፒ.ኦ.ኢ. ያለው ነው፤ በኔትወርክ ገመዱ ውስጥ ለስምንት ካሜራዎችና ለሦስት አክሰስ ፖይንቶች ኃይል ይልካል። በፒ.ኦ.ኢ. የመጀመሪያው ደረጃ አንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት፣ በሁለተኛው እስከ 30 ዋት ሊያወጣ ይችላል፤ ካሜራዎቹ ያን ያህል ባይወስዱም፣ ሁሉም በገመዱ ላይ ሲሆኑ ጠቅላላው ጭነት ወደ 145 ዋት ወጣ፤ የዩፒኤሱም ቆይታ ወደ ግማሽ ሰዓት ወረደ። ማታ ደግሞ ካሜራዎቹ የሌሊት መብራታቸውን ስለሚያበሩ ይብሳል። እንግዲህ ባትሪውን የሚጨርሰው ስዊቹ ራሱ ሳይሆን በስዊቹ በኩል የሚቀዱት መሆናቸውን ሳያዩ «ዩፒኤሱ ደካማ ነው» ማለት ፍርድ ማጓደል ነው። አንዳንዶች የፒ.ኦ.ኢ. ቅድሚያ ማስተካከያውን «ዝቅተኛ» ላይ ካደረጉት ካሜራዎቹ መብራት ሲጠፋ የሚጠፉ ይመስላቸዋል፤ ይህ ማስተካከያ የሚሠራው የስዊቹ የፒ.ኦ.ኢ. አቅም ሲያልቅ እንጂ ኃይሉ ከባትሪ መምጣቱን ዐውቆ አይደለም። እኛ ያደረግነው ካሜራዎቹን ወደ ሌላ አነስተኛ የፒ.ኦ.ኢ. ስዊች አዛውረን የራሳቸውን ዩፒኤስ መስጠት ነው፤ የገንዘብ መስኮቱ መስመር ከዚያ በኋላ ከካሜራዎቹ ጋር ባትሪ አልተሻማም።

ከቆይታው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ የመሙላቱ ነገር ነው። የውስጥ ቻርጀሩ ትንሽ በመሆኑ ባዶ የሆነውን ባትሪ ወደ 90 በመቶ ለመመለስ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይፈልጋል። መብራት ጠዋት ጠፍቶ ከምሳ በፊት ቢመጣና ከሰዓት በኋላ ቢደገም፣ ሁለተኛው መጥፋት ግማሹን እንኳ ያልሞላ ባትሪ ይጠብቀዋል፤ እንዲህ ባለው ቀን ከዩፒኤሱ ላይ ያለው የባትሪ ምልክት ከእውነቱ ይልቅ ደግ ነው። በዚህ ጊዜ የሚቀርበው የሰፈር መፍትሔ ሳጥኑን ከፍቶ የመኪና ባትሪ ማንጠልጠል ነው። አልመክረውም። ቻርጀሩ ያን የሚያህል ባትሪ ሊሞላ አይችልም፤ ኢንቨርተሩም የተሠራው በውስጡ ባሉት ትንንሽ ባትሪዎች ልክ ለአጭር ጊዜ እንዲሠራ ስለሆነ፣ ለሰዓታት ሲነዳ ይግላል፣ ማቀዝቀዣ ፋን የሌለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ፕላስቲኩ እስኪሸት ድረስ። የመኪና ባትሪም ቢሆን ሞተር ለማስነሣት እንጂ ደጋግሞ ባዶ ለመሆን አልተሠራም፤ ሲሞላ የሚያወጣው ጋዝም በተዘጋ ካቢኔት ውስጥ የሚፈለግ አይደለም። ሰዓታት የሚፈልግ ቢሮ ለውጭ ባትሪ ተብሎ የተሠራ፣ ጠንካራ ቻርጀር ያለው ኢንቨርተር ከነ100 አምፒር ሰዓት ባትሪው ይግዛ፤ ሁለቱ ዕቃዎች በመደርደሪያ ላይ ቢጎራበቱም አንድ አይደሉም።

ማኅበሩ ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር አለው፤ ከዩፒኤሱ ጋር ግን መጀመሪያ አልተግባቡም። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ አምፖሎቹ ሁሉ በርተው ሳለ ዩፒኤሱ መጮኹን ቀጥሎ ባትሪውን ጨርሶ ጠፋ። ምክንያቱ ቮልቱ አይደለም፤ ትናንሽ ጄኔሬተሮች ጭነት ሲቀያየርባቸው 50 ሄርዝ መሆን የሚገባው ሞገዳቸው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዩፒኤሱም ይህን እንደ ብልሽት ቆጥሮ አይቀበለውም። ማስተካከያው ከመሣሪያው ጋር በመጣው መመሪያ ውስጥ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ተጠቅሷል፤ የግብዓት ጥንቃቄውን ወደ ዝቅተኛ ማውረድ ነው፣ በዚህኛው ዕቃ ላይ የሚደረገውም የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ በመያዝ ነው። ሻጩ ይህን ሊነግረን ይገባ ነበር፤ ስንጠይቀው «ጄኔሬተራችሁ ተበላሽቷል» ነበር መልሱ።

ስለ አየሩም ዝም ማለት አይቻልም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚጥልባት ከተማ ናት፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ደግሞ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በ25 ዲግሪ ከሚሰጠው ወደ 20 በመቶ የሚሆነውን ይቀንሳል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ክፍሉ ገና ሳይሞቅ የሚጠፋ መብራት ከቀትሩ ይልቅ ቶሎ ባትሪ የሚጨርሰው ስለዚህ ነው። ካሳው ግን አለ፤ ብርዱ አቅሙን ለጊዜው ቢቀንስም ዕድሜውን አያሳጥርም። ሙቀት ግን ያሳጥራል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የባትሪው ዕድሜ ወደ ግማሽ እንደሚወርድ ይገመታል። ስለሆነም ጣርማበርን ተሻግሮ ቆላ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ያለ ቢሮ ይህንኑ ዩፒኤስ ቢገዛ፣ በቀን ቆይታው ከእኛ ይሻላል፣ ባትሪ የሚቀይረው ግን ከእኛ ቀድሞ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሰቀለው ደግሞ በጣም ቀድሞ።

የከፍታው ነገር ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነው። የዩፒኤሱ መመሪያ እስከ 3,000 ሜትር ይላል፤ ደብረ ብርሃን ከዚያ በታች ስለሆነች አልፈናል፣ በመንዝ ያለችው መሐል ሜዳ ግን 3,000ን ታልፋለችና የአካባቢው ቢሮዎች ከመግዛታቸው በፊት ይህን መስመር ያንብቡ። ከዩፒኤሱ ይልቅ የታዘብሁት ትንንሾቹን አዳፕተሮች ነው። የሮውተሩን አዳፕተር ገልብጣችሁ ብታዩ፣ በደቃቁ ጽሑፍ መካከል ተራራ የምትመስል ምልክትና «2000 ሜትር» የሚል ቁጥር ታገኙ ይሆናል፤ ይህ በቻይና ደንብ መሠረት ዕቃው ከ2,000 ሜትር በታች ላለ ቦታ ብቻ መፈተኑን የሚናገር ነው። አየሩ በሳሳ ቁጥር የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ የመዝለል ዕድሉ ይጨምራል፣ የማቀዝቀዝ አቅሙም ያንሳል። ደጋ ላይ ሲነኩት ሙቅ የሆነ አዳፕተር በካቢኔት ውስጥ ከሌሎቹ ጋር መቆለል የለበትም።

በትልልቅ ተቋማት ያሉ ባለሙያዎች «ስዊቻችን ራሱ መጠባበቂያ ፓወር አለው» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። ለምሳሌ የሲስኮ አር.ፒ.ኤስ. 2300 የሚባለው መሣሪያ እስከ ስድስት ስዊቾች በልዩ ገመድ ይሰኩበትና ከመካከላቸው የአንዱ ወይም የሁለቱ የውስጥ ፓወር ሰፕላይ ቢቃጠል ፈጥኖ ይተካል፤ ባትሪ ግን የለውም። መብራት ከጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ እሱ ራሱ ዩፒኤስ ይፈልጋል። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ያለው ስዊች ያላቸውም ቢሆኑ ሁለቱን ገመዶች በአንድ ዩፒኤስ ላይ ባይሰኩ ይሻላል፤ ዩፒኤሱ የተበላሸ ቀን ሁለቱም ይሄዳሉና። አንደኛውን በዩፒኤስ፣ ሌላኛውን በሌላ ዩፒኤስ ወይም በተስተካከለ የመስመር ሶኬት ላይ ማድረግ ያን ውድ ስዊች የተገዛበትን ትርጉም ይሰጠዋል።

ባለ አምስት ወይም ባለ ስምንት ፖርት ትንሽ ስዊች ብቻ ያለው ሱቅ፣ ፋርማሲ ወይም የኢንተርኔት ቤት ግን ይህን ዩፒኤስ መግዛት የለበትም። ስዊቹ የሚሠራው በ5፣ በ9 ወይም በ12 ቮልት ዲሲ ነው፤ የባትሪውን ዲሲ ወደ 220 አሳድጎ፣ በአዳፕተር እንደገና ወደ 12 ማውረድ ኃይሉን በመንገድ መበተን ነው። ለዚህ ሚኒ ዩፒኤስ እየተባለ የሚሸጠው፣ መጽሐፍ የሚያህለው የሊቲየም ሣጥን ይሻላል፤ በቀጥታ ዲሲ ይሰጣል፣ አይጮኽም፣ ቦታ አይዝም። ሲገዙ በቁጥሩ እንዳይታለሉ፤ 8,800 ሚሊ አምፒር ሰዓት ተብሎ የሚጻፈው በ3.7 ቮልት የተሰላ ስለሆነ ወደ 12 ቮልት ሲለወጥ ከ2,700 ያህል አይበልጥም፣ በዋት ሰዓት 32 ገደማ መሆኑ ነው። ስዊች፣ ሮውተርና የፋይበር መቀበያ በድምሩ 20 ዋት ቢወስዱ ከአንድ ሰዓት እስከ ሰዓት ከሩብ ያስኬዳቸዋል። የመሰኪያውን ውፍረትና በተለይ ቮልቱን ከአዳፕተሩ ጽሑፍ ጋር ማመሳከር የግድ ነው፤ የ5 ቮልት ስዊች በ12 ቮልቱ ቀዳዳ ከተሰካ የሚቃጠለው ሳያስጠነቅቅ ነው።

ወደ ዩፒኤሳችን ስመለስ፣ የቀረው ቅሬታዬ ጩኸቱ ነው። በባትሪ ሲሠራ በየጥቂት ሰከንዱ ይጮኻል፤ የጩኸቱ ማጥፊያ የዩፒኤሱ ማብሪያ ቁልፍ ራሱ በመሆኑ የመስኮቷ ሠራተኛ ዝም ልታሰኘው ብላ ረዘም አድርጋ ከተጫነችው ስዊቹን ጭምር ታጠፋዋለች። እኛ ከላዩ «በአጭሩ ይጫኑ» የሚል ወረቀት ለጥፈንበታል። ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው የዩኤስቢ ገመድ ከነሶፍትዌሩ አብሮት ይመጣል፤ ከሰርቨሩ ጋር ስላገናኘነው ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት ይዘጋል።

ባትሪው እንደ አጠቃቀሙ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ሊያገለግል ይችላል። መለወጫው በደብረ ብርሃን የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የሚገኝ የተለመደ መጠን ነው፤ ወደ ሱቅ ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፣ የጫፉ መሰኪያ 4.75 ወይም 6.35 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላልና። ሁለቱ ባትሪዎች በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱን ብቻ መቀየር አይጠቅምም፤ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል። ከመግዛትዎ በፊት በጀርባው የታተመውን የምርት ጊዜ ያንብቡ፤ መደርደሪያ ላይ ሳይሞላ ዓመት የተቀመጠ የሊድ አሲድ ባትሪ ካርቶኑ አዲስ ቢሆንም ውስጡ አዲስ አይደለም።